በያጁና የመንግሥት ሐቅ

በያጁ ፈሪ ነው። እሱም አይክድም። በእግሩ እየሄደ እንኳ ትራፊክ ፖሊስ ካየ መንጃ ፈቃድ የሚጠየቅ ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረው አፉን ይዞ ነው።

የሰፈሩን ትምህርት ቤት አዲስ አዳራሽ ጣሪያ የበየደው እሱ ነው። ሥራው ሲጋመስ ከታዘዘው በግማሽ የሚሳሳ ብረት መጣ። ጠየቀ፤ “ዝም ብለህ በይድ” ተባለ፤ በየደ። አሁን ጣሪያው መሃሉ ላይ ጎብጧል። ሰኞ ሦስት መቶ ልጆች ይገቡበታል፤ አንዷ የራሱ ልጅ ናት። እንቅልፍ ካጣ ሳምንቱ ነው።

ከአሱር ሶላት በኋላ፣ የጣሪያውን ነገር ሳያነሳ፣ የመስጊዱን ሼኽ ጠየቃቸው።

“ሼኻችን፣ መንግሥትን መታዘዝ ግዴታ ነው አይደል? ታዲያ ጥፋቱን አይቼ ዝም ብል አላህ ዘንድ ወንጀል አለብኝ?”

“መታዘዝ ካንተ ከሚገባው መብት፣ ከሐቁ አንዱ ነው፣ ልጄ። ሌላው ሐቁ ሲሳሳት በቅንነት መምከር ነው። ያንን ከነፈግከው ሐቁን በላህበት። ግን ሰው ፊት አታዋርደው፤ ለብቻው ንገረው።”

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ጮኸች። “ለብቻህ ገብተህ ብትቀርስ? ምስክር ይዘህ ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!”

እውነቷን ነው። እሱ ግን ሼኹ እንዳሉት ብቻውን ሄደ።

ሥራውን ያሠራው የመንግሥት ኃላፊ ቢሮ ሲገባ ላብ አጠመቀው። ኮፍያውን እየጠመዘዘ የብረቱን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ሌላ ማን ያውቃል?”

“ከሚስቴ በቀር ማንም፣ ጌታዬ። ሐቅዎ ነው ብዬ የመጣሁት እርስዎ ጋ ብቻ ነው።”

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ቆለፈው። አለቀልኝ አለ በያጁ በልቡ።

“እኔም አውቃለሁ” አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መስኮቱንም ዘጋው። “ብረቱን ያቀረበው ሰውዬ ከላይ ዘመድ አለው። እኔስ ለማን ልናገር? አንተም እኔም እንጠፋለን። ሂድና ዝም በል፤ ትእዛዝ ነው።”

ያን ጊዜ በያጁ ፍርሃቱ ባሰበት። ሲፈራው የኖረው ሰው ራሱ ከፈራ ልጆቹን ማን ሊያድናቸው ነው?

“በዚህስ አልታዘዝም” አለ፤ እንዴት እንዳመለጠው አያውቅም። “በወንጀል መታዘዝ የለም። ሰኞ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ እቆማለሁ። የኔንም የሰውንም ልጅ አላስገባም።”

ይህን ብሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ኃላፊው በሩን እንዲከፍትለት በትሕትና ለመነው።