ለሁለት ሰው የተቆረጠ ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሊያ ከዚሁ ከቅርባችን ከዊተን መጣች። ከእጮኛዋ ጋር አውሮፓን በባቡር ሊዞሩ ነው።

«አክስቴ፣ የባቡር ፓሱን መቼ ነው አክቲቬት የምናደርገው? መቀመጫስ ሪዘርቭ ይደረጋል?»

መልሱን ፍለጋ፣ ባለቤቴ መላኩ ካረፈ ወዲህ ያልነካሁትን መሳቢያ ከፈትኩ። ያኔ እኛ የተጓዝንበት የባቡር ወረቀት እዚያው ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፤ ተጋብተን ሲልቨር ስፕሪንግ በገባን በሁለተኛው ዓመት። ሮም ያለችውን እህቴን ካየኋት አሥር ዓመት አልፎ ነበር። መላኩ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ከሥራ ሲወጣ ትኬት ቢሮ ጎራ ብሎ ለሁለታችን አንድ የባቡር ወረቀት ገዛ፤ አብሮ መግዛቱ ይረክሳል። ሻጯ ያለችውን በፖስታ ጀርባ ጽፎ መጣ። ወረቀቱ በመጀመሪያው ጣቢያ ማኅተም ይመታበታል፤ የፈጣን ባቡር መቀመጫ ለብቻው ይያዛል፤ ሁለቱ ሰዎች አይለያዩም። የመጨረሻዋን አስምሮባታል።

ቢያሰምርባት ምን ዋጋ አለው! መላኩ ሰውን እስከ በር ብቻ መሸኘት አያውቅም፤ የእራት እንግዳችንን እንኳ መኪናው እስኪታጠፍ ብርድ ላይ ቆሞ ነበር የሚያየው። ወደ ሮም ልንሄድ ፍራንክፈርት ባቡራችን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ሁለት ሻንጣ ሲጎትቱ በመስኮት አየን። «አንዴ፣ አድርሻቸው ልምጣ» ብሎ ወረደ። ባቡሩ እኔን ይዞ ሄደ። ወረቀቱም ገንዘቡም እሱ ኪስ ነበር።

ተቆጣጣሪው ዕንባዬን አይቶ፣ በሚቀጥለው ጣቢያ እንድወርድ በእጁ አመለከተኝ። ማንሃይም ይባላል። ጥቅምት ነው፤ ነፋሱ ይቆርጣል፤ ከሱቁ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ሞባይል የለን። ባይመጣስ? የት ብዬ እፈልገዋለሁ? ከአንድ ሰዓት በላይ ከአግዳሚው ሳልነሳ ቆየሁ። በኋላ አንድ ባቡር ቆመና መላኩ በመስኮት አይቶኝ ኮቱ ተከፍቶ ዘሎ ወረደ።

«አንተ ሰው፣ ሚስትህን ጥለህ ሰው ትሸኛለህ?»

«እናት እኮ ናቸው! ሻንጣቸውን ማን ይያዝላቸው?»

ልቆጣ አስቤ አፌ ቀደመኝ። «ለመሆኑ ተሳፈሩ?»

«ተሳፈሩ። መርቀውኛል።»

«ምን ብለው?»

«‹ከሚስትህ አይለይህ› ብለው!»

ሳቅ ገደለን። ከዚያ ዳቦውን ገዝቶ፣ እየቆረሰ፣ የእሱ ተቆጣጣሪ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ ‹ሁለተኛዋ ሰውስ?› እንዳለው ነገረኝ።

«ምን አልከው?»

«ቀድማኛለች፤ እየጠበቀችኝ ነው አልኩት።»

ሊያ ታሪኩን ሰምታ ሳቀች። «አሁን እኮ ሁሉም ትኬቱን በየራሱ ስልክ ነው የሚይዘው፣ አክስቴ።»

«ይሻላል» አልኳት። ከልቤ አልነበረም።

ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው አልመለስኩትም። ስሞቻችን አሁንም ጎን ለጎን ይነበባሉ። ያኔ እሱ ኪስ ነበር፤ ዛሬ እኔ ጋ ነው። ሁለተኛው ሰውስ የሚለኝ ቢመጣ፣ መልሱን ማንሃይም ላይ ተምሬዋለሁ።