ናትናኤል ያሸገው መገጣጠሚያ

2017 ዓ.ም.፣ ግንቦት። አትላንታ ላይ ጸደዩ አልፎ ሙቀቱ ገብቷል። ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከልጄ ከቤቴል ጋር ከምንኖርበት ከታከር ባሕር ዳር ወዳለችው ሰቫና ተነሣን። የሄድነው የወንድሟን የናትናኤልን ሥራ ለማየት ነው።

ናትናኤል ከአትላንታ ወጣ ብሎ ባለ የአውሮፕላን ፋብሪካ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የመጨረሻ ሥራው በየብስም በውኃም ላይ የሚያርፍ አዲስ፣ ትልቅ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ነበር። የእሱ ድርሻ የአውሮፕላኑ ሆድ ውኃ እንዳያስገባ መገጣጠሚያዎቹን ማሸግ ነው። አውሮፕላኑ ውኃ ሳይነካ፣ ኅዳር ላይ ካንሰር ወሰደው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ፋብሪካው ሰቫና ላይ ለሚደረገው የመጀመሪያ የውኃ ሙከራ የሠራተኞቹን ቤተሰብ ሲጠራ እኛን አልረሳንም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

መንገድ ላይ

ቤቴል ትነዳለች፤ እኔ ቦርሳዬን አቅፌያለሁ። ቦርሳው ውስጥ ለናትናኤል ካመጣሁት ጠበል የተረፈ አንድ ጠርሙስ አለ። ሳይጠጣው ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ልደፋውም ልጠጣውም አልቻልኩም።

የሜከንን ከተማ አልፈን ነዳጅ ስንቀዳ ቤቴል የተቀቀለ ለውዝ በስድስት ዶላር ገዛች። ከነቅርፊቱ፣ በጨው ውኃ የተቀቀለ ነው።

“ናቲ ይሄን ሲወድ” አለች።

እየፈለፈልኩ አቀበልኳት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ ብቻ። ሰቫና ስንቃረብ ረግረጉ መጣ፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ላይም እንደ ሽበት ፂም የተንጠለጠለ ነገር ይታያል።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

የሙከራው ግቢ በር ላይ ስልካችንን ተቀበሉን። ጥበቃው ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቶ “ውኃ ነው?” አለኝ።

“ውኃ ነው” አልኩ። አልዋሸሁም።

አውሮፕላኑን ሳየው ቆምኩ። ከላይ አውሮፕላን ነው፤ ሆዱ ግን እንደ ጀልባ ሹል ነው። የናትናኤል አለቃ ዴቪድ፣ ሽበታም የደቡብ ሰው፣ “ሚስ አስካለ” እያለ ክንዴን ደግፎ አስገባኝ። ከወለሉ አንድ ክዳን አነሣና በባትሪ አበራልኝ።

“ይሄ የናት ነው።”

ማሸጊያው ግራጫ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ጎኑ ላይ በእርሳስ የስሙ መነሻ ፊደል አለ። ለምን እንዲህ ትጠነቀቃለህ ስለው ናትናኤል “ማሚ፣ ከላይ የሚቀመጠው የሰው ልጅ ነው” ይለኝ ነበር።

ዴቪድን ሌላ እንግዳ ጠራው። ቤቴልም ወደ ፊት ሄደች። ተንበረከክሁና ጠርሙሱን ከፍቼ “አባታችን ሆይ” እያልኩ መገጣጠሚያው ላይ ረጨሁ። እዚያ የሚቀመጥ የማንም እናት ልጅ እንዳይሰምጥ ነው ያሰብኩት። ጠርሙሱን ግን አብዝቼ አዘነበልኩት፤ ከመርጨት አልፎ ፈሰሰ። ዴቪድ ተመልሶ ውስጡን ሳያይ ክዳኑን ገጠመው። ለነገ ሙከራ ታሸገ።

ዓርብ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሰቫና ወንዝ ዳር ቆምን። አውሮፕላኑ ከባሕሩ በኩል መጣ፤ ዝቅ አለ፤ ሆዱ ውኃውን ሲነካ ግራና ቀኝ ነጭ ግድግዳ ተነሣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ እጄን አላነሣሁም፤ የኔ ልጅ ያሸገው ታች ነው።

ወደ የብስ ወጥቶ ሠራተኞቹ ሲፈትሹት አንድ ሰዓት ፈጀ። ዴቪድ ቆቡን በእጁ ይዞ መጣ።

“ሚስ አስካለ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። በናት መገጣጠሚያ ሥር ውኃ ተገኘ። ሰኞ ተፍቆ እንደ አዲስ ይታሸጋል። እሱን የሚወቅስ የለም።”

“ተፍቆ” ያለው ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ። ከልጄ እጅ በዚህ ምድር የቀረኝ ያ ግራጫ መስመር ነው።

“የእኔ ነው” አልኩ።

“ምኑ?”

“ውኃው።” የጎደለውን ጠርሙስ አወጣሁ።

ቤቴል ራሷን ያዘች። “ማሚ! ሲሪየስሊ? አውሮፕላን ውስጥ ጠበል ረጨሽ?”

“ለበረከት ነው።”

“አውሮፕላኑ ይባረካል፣ እኛ እንታሰራለን!”

ዴቪድ ጠበል ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። አልሳቀም። “እዚህ ወንዙ ባሕሩ ስለሚገባበት ጨዋማ ነው። ይለካ” አለ።

ከክዳኑ ሥር የተቀዳውንና ጠርሙሱን ወሰዱ። እስኪለካ አንድ የጥበቃ ኃላፊ ብዙ ጠየቀኝ፤ ወረቀት ፈረምኩ። ቤቴል አጠገቤ ናት። እኔ “ሰላም ለኪ” እላለሁ፤ መሐሉ ላይ እየጠፋኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ዴቪድ ሲመለስ አጠገቤ ተቀመጠ። “ጨው የለበትም።”

ሥፍራውን አድርቀው ክዳኑን መልሰው ገጠሙትና ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ እንደገና ውኃ ላይ አረፈ። ዴቪድ ክዳኑን ሲያስከፍት የልጄን መስመር ከዳር እስከ ዳር በነጭ ወረቀት ጠርጎ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። በጣቴ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ጠርሙሱንም መለሱልኝ።

“ናቲ ይሄን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይስቅብሽ ነበር” አለች ቤቴል፤ መኪናው ውስጥ ስንገባ። ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። እስኪበቃት ፓርክ እንዳደረግን ቆየን።

መመለሻ

ታከር የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በመንገድ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ለልጄ ሥራ ጸለይኩ ብዬ የልጄን ሥራ ላስፍቀው ነበር። እሱ ድርሻውን ጨርሷል፤ መልቀቅ ያቃተኝ እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ስለከፈተልኝ፣ በሰው ፊትም ስላላዋረደኝ፣ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዴ የተረፈውን ጠበል ጠጣሁ። ጠርሙሱን አጥቤ፣ እንዲደርቅ በመስኮቱ ሥር አፉን ዘቅዝቄ አስቀመጥኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።