የሚሄደውን ለመስማት

ወልድያ በተከራየሁበት ግቢ፣ ጎረቤቴ ዶሮዎቿን ከድመት ለመጠበቅ አጥሩ ላይ ባዶ ጣሳዎች አንጠልጥላለች። ዛሬ ረፋድ ላይ ንፋስ ሲያንኳኳቸው ግራና በምትባል የገጠር ከተማ ያለው፣ ያደግኩበት ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ ማሽላችንን የሚያወድመውን ጃርት በወጥመድ በመያዝ የታወቁ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ሳይሰናበተን ወደ ዓረብ አገር በጠፋ በሳምንቱ፣ የወጥመዱን ሲባጎ በራችን ግርጌ ወጠሩና ዝገት ዝገት የሚሸቱ የቲማቲም ጣሳዎች አሰሩበት። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ለሌባ ነው» አሉ። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም፣ ሲባጎው ከበሩ በውስጥ በኩል መሆኑን አየሁ።

«አባባ፣ ሌባ የሚመጣው በውጭ አይደል እንዴ?» አልኳቸው።

ቋጠሮውን እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የሚመጣውንማ ውሻው ይነግረኛል። የሚሄደውን ነው ያልሰማሁት» አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጣሳዎቹ ይንኳኳሉ፤ አባባ ከጓሮ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «ወዴት ልትሄጂ ነው?» ይሉኛል ደግሞ።

እኔም በተራዬ ለሥራ ወጣሁ፤ ተሰናብቼ፣ በጠራራ ፀሐይ። ወንድሜ እስካሁን አልደወለም። አባቴም ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። አሁን በሬን ቆልፌ ስወጣ፣ ወዴት እንደምሄድ የሚጠይቀኝ የለም።