ወደ ሰርቪስ ቤት የተሳበው መስመር

ለከሚሴ ከተማ ነዋሪ፣ ለጨፋ አራሽ፣ ለሰንበቴ ነጋዴ፣ ለቦርከና ውሃ ሳይቀር! ታላቁ የከብት ደላላ፣ የበሬ ጥርስ መርማሪ፣ የሻጭ አባት የገዥ አጎት አያ ሙሐመድዘይን፣ እስከ ዛሬ በሳሎናቸው ብቻ ተወስኖ የኖረው ኢንተርኔት ጓሮ ወዳለው ሰርቪስ ቤት እንዲስፋፋ በሙሉ ፈቃዳቸው ወስነዋል። የጭቁኑ ሰርቪስ ቤት የዘመናት ጥያቄ ተመልሷል። የሳሎን የበላይነት ይውደም!

ሪባን የቆረጠ ሹም ግን አልነበረም። አንድ ዲሽ ተካይ መሰላል ላይ ወጣ፣ አንዲት ዶሮ ከሥር ቆማ አየችው፣ አለቀ። በእኛ አገር ልማት የሚመረቀው ካሜራ ሲኖር ነው፤ ዶሮ ብቻ ስትኖር ዝም ብሎ ይሠራል።

ሙሐመድዘይን በሰንበቴ ገበያ በሬና ግመል ሲያሻሽጥ ያረጀ ሰው ነው። የታመመ ግመል «ጾመኛ ነው» ብሎ ሸጧል ይላሉ ጠላቶቹ። ወዳጆቹ ደግሞ «ውሸት ነው፣ ሁለት ግመል ነው» ይላሉ። ለዋጋ ድርድር ፎጣውን ጣል አድርጎ ከሥሩ የገዥውን ጣት አንዴ ከጨበጠ፣ ያ ሰው ጣቱን የሚያስመልሰው በሬውን ገዝቶ ነው። ደግሞ ዋጋ ተቆርጦ እንኳ አይለቅም። «መርቅልኛ!» ይላል። ገመዱም ይሁን፣ አንድ ቁና ማሽላም ይሁን፣ ምርቃት ሳይጨመር የሙሐመድዘይን ውል አይዘጋም። «ምርቃት የሌለው ሽያጭ ኒካህ የሌለው ጋብቻ ነው» የሚለውን የራሱን ሐዲስ የማያውቅ የሰንበቴ ነጋዴ የለም። ሸሆቹ ሰምተው አስተግፍሩላህ ብለዋል፤ እሱ ግን ሲመርቁልኝ ነው እንጂ ሲቆጡኝ አልሰማም ባይ ነው።

ይህ ምላሰኛ አንድ ወንድ ልጅ አለው፣ ነጂብ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሰዉን በአውሮፕላን እየጫነች ስትመልስ ነጂብም ከጂዳ ተጠርዞ መጣ። አባቱ በግ አርዶ ጠበቀው። ልጁ ከበጉ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ፣ የሁሉንም ጉልበት ስሞ፣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ማሽላ የሚከመርበት፣ ዝናብ ሲሆን ማገዶ የሚገባበት ቤት ነው። ማሽላውን ወደ ጥግ ገፋና ፍራሽ ዘረጋ።

የሰፈሩ የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ወዲያው ተሰበሰቡ። አንዱ ጅን ነው አለ፣ አንዱ ፍቅር ነው አለ፤ ከትምህርት ቤት በር ሌላ ያላየው ሦስተኛው ደግሞ «የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው» ሲል ተነተነ። ልጁ ጂዳ እስር ቤት ምን አይቶ እንደመጣ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ሙሐመድዘይንም አልጠየቀም። በሬ በጥርሱ ይታወቃል፤ አፉን የዘጋ ልጅ በምን ይታወቃል?

ነጂብ ከዚያ ቤት የሚወጣው ለሶላትና ከተማ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ለመሄድ ብቻ ነበር። አባት ይህን አየና የሙያውን ዘዴ መዘዘ።

«ፋጡሜ» አላት ሚስቱን፣ «ከብት የሚጠራው በምንድነው?»

«በዱላ።»

«በጨው ነው አንቺ! ጨው ሲያሳዩት ራሱ ይመጣል።»

ኢንተርኔት ሳሎን ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ለሥልጣኔ አይደለም፣ ለጨው ነው። ሳጥኑን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ሰቀሉት፤ ዋይፋዩ በሳሎኑ ወፍራም ግድግዳ ይያዝና ጓሮ ሳይደርስ ይሞታል። ሙሐመድዘይን ሳይማር ያወቀው ሳይንስ ይኼ ብቻ ነው፣ እሱንም ወደደው።

ልጁም መጣ። ከመግሪብ በኋላ ይገባል፣ ከሳጥኑ ሥር ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። ራት ሲቀርብ እጁን ታጥቦ ይበላል። ወሬ የለም። አባት ቴሌቪዥን የሚያይ መስሎ በጎን የልጁን ፊት ያያል። አንዳንዴ ነጂብ ስልኩ ላይ አንድ ነገር አይቶ ይስቃል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ መዳፍ የመሸፈን ልማድ አለው፣ ከልጅነቱ። ያኔ ሙሐመድዘይንም አብሮ ይስቃል። በምን እንደሳቁ አያውቅም። ሰንበቴን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው፣ በማያውቀው ቀልድ መሳቅን እንደ ትልቅ ሲሳይ ቆጠረው።

አንድ ምሽት ግን ልጁ ቀና አለ።

«አባ።»

«ወይ!» አለ ሙሐመድዘይን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እየቀነሰ።

«ይሄ ነገር ወደ ሰርቪስ አይሳብም? ሰው እየወጣ እየገባ፣ ማውራት አልተመቸኝም።»

ከጂዳ ከመጣ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቆ አያውቅም። ውሃ እንኳ ራሱ ነው የሚቀዳው። ያ ሁሉ የገበያ ምላስ ቀለጠ።

«ይሳባል! ለምን አይሳብም! አብሽር፣ ነገ አምባዬን እጠራዋለሁ!»

ውሉ ተዘጋ። ጣት ሳይጨበጥ፣ ዋጋ ሳይጣል።

ነጂብ ወጥቶ እንደሄደ ፋጡሜ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ራት ግን ከእኛ ጋር ብላ ማለት አቃተህ? ለበሬ ገመድ ‹መርቅልኝ› ስትል የምትውል፣ ለልጅህ ጊዜ አፍህ የት ገባ?»

ሙሐመድዘይን በዕድሜው ሙሉ ያለ ምርቃት የዘጋው ውል ይኸው አንድ ብቻ ነው።

በነጋታው ዲሽ ተካዩ አምባዬ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ኬብሉን ከሳሎኑ መስኮት አውጥቶ፣ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ እየጠመዘዘ፣ ማንጎው ላይ አስሮ ወደ ሰርቪሱ ጣሪያ ሳበውና ጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ሳጥን ገጠመ።

«አያ ሙሐመድዘይን፣ እዚህ ማንጎ ላይ ከታሰረማ ጦጣውም ኢሞ ይደውላል!»

«ከደወለስ ካንተ የተሻለ ነው፤ አንተ ስንት ጊዜ ደውዬ ነው የመጣኸው?»

«ታዲያ ሰርቪስ ቤት ሰርቪስ ገባለት ማለት ነው። አሁን ደስ አይልዎትም?»

«ደስ ይለኛል» አለ። አምባዬ ከላይ ሆኖ ፊቱን ስላየው፣ ቀጥሎ ሊል የነበረውን ቀልድ ዋጠው።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ነጂብ ሳሎን አልመጣም። ራቱን እናቱ ወደ ጓሮ ታደርስለታለች፤ ሳህኑ ባዶ ሆኖ በሩ ላይ ይገኛል። ሙሐመድዘይን ሰበብ እየፈለገ ያንኳኳል። «ኔትወርክ አለ?» «አለ አባ።» «ጥሩ ነው?» «ጥሩ ነው።» «አይቆራረጥም?» «አይቆራረጥም።» ያቺ ቀን ከሌት ሕዝብ የምታስቅ ምላስ ለልጇ ያተረፈችው ቃል ኔትወርክ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ማምሻውን፣ ሙሐመድዘይን ከሳሎኑ ሳጥን የኬብሉን ጫፍ ቀስ አድርጎ ነቀለው።

ነጂብ መጣ። «አባ፣ ተቋረጠ።»

«ኧረ! በአላህ? ይኼ አምባዬ! እንግዲህ ቁጭ በል፣ ራት ደርሷል፣ ኮቱ፣ ና።» ልጁ ተቀመጠ፣ ከሳጥኑ ሥር። በሉ። ነጂብ አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ አባትም ሳቀ። ፋጡሜ ሁለቱንም አይታ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ይኼን ባንድ ቀን ቢተወው ደግ ነበር። ግን ደላላ ትርፍ ያየበትን ገበያ ይተዋል? ደገመው። ሠለሰው። በመጨረሻው ነጂብ ሳይጠራ ገባና፣ አባቱን ወንበር ላይ ቆሞ፣ የኬብሉን ጫፍ በጣቱ እንደያዘ አገኘው።

ልጁ አልጮኸም።

«አባ፣ እኔ በሬ ነኝ? በጨው የምትጠራኝ?»

አባቱ ለእናቱ ያለውን የጨው ነገር ሰምቶ ኖሯል። ሙሐመድዘይን ወርዶ «ናፍቀኸኝ ነው» ቢል ያልቅ ነበር። ግን ይህ ቃል በሰንበቴ ገበያ አይሸጥም፣ ስለዚህ አልለመደውም። «አቧራ ላጸዳ ነው» አለ። ነጂብ «ኸላስ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሙሐመድዘይን ከኀፍረት ብዛት ኬብሉንም የሰርቪሱንም በር አልነካም። ጓሮ ሲያልፍ እንኳ በሌላ በኩል ይዞራል። ከበሩ ውስጥ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከአንድ ሰው ጋር ሲያወራ ይሰማል፣ ብዙ ጊዜ። «ወዳጅ አግኝቷል» ብሎ ደስ አለው። ማክበር መሰለው፣ አለመጠየቁ።

አንድ ሰኞ ማለዳ ነጂብ ሰው ሳይነሳ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ ግመል ነጋዴው አብዱልጀሊል ከባቲ ገበያ ሲመለስ በራፉ ላይ ቆመ።

«አያ፣ ልጅህን ባቲ አየሁት። ከደላላ ጋር ነበር።»

የሙሐመድዘይን ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! የአባቱን ሙያ ሊይዝ ነው! ከማን ጋር? የባቲ ደላላ የማላውቀው የለም። ከቀዩ ጋር ነው? ወይስ ከዚያ ከአንካሳው?»

አብዱልጀሊል መሬት መሬት አየ። «የከብት ደላላ አይደለም፣ አያ።»

የሰው ደላላ ነው፣ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚነዳ። ያ የጓሮ ወሬ ሁሉ ከእሱ ጋር ኖሯል። በሬ ሲሸጥ ሻጭና ገዥ ይተያያሉ፤ እነዚህ ግን ውሉን የጨረሱት በማንጎው ላይ ባለፈው ኬብል ነው፣ አባት ራሱ ባስዘረጋው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በፋጡሜ ስልክ ላይ አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። «እማ፣ ባሕሩ ዳር ደርሻለሁ። ለአባ አሁን አትንገሪው፣ ይከፋዋል። ኋላ ግን ስመለስ ይመርቀኛል በይው።» ንፋስ ይሰማል፣ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ወዲህ የመጣ መልእክት የለም። መንገደኛ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ አባት ራሱ ላይ እጁን ጭኖ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው የሚሄደው። ይህኛው ያለ ምርቃት ሄደ። አባትየው የዘነጋትን ምርቃት፣ ልጅየውም ሳይወስዳት ወጣ።

ዛሬ ሙሐመድዘይን ሰንበቴ አይወርድም። ሰርቪስ ቤት፣ ከማሽላው አጠገብ፣ በነጂብ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። ራቱንም ፋጡሜ ወደዚያው ታመጣለታለች። ጠያቂ ሲመጣና «ሳሎን አይሻልም?» ሲለው፣ «ኔትወርክ እዚህ ጥሩ ነው» ይላል። የሚስቱ ስልክ ጉልበቱ ላይ ነው፣ የትንሿ ሳጥን አረንጓዴ መብራት ትበራለች፣ ኬብሉ አይነካም። አምባዬ እንኳ ኬብሉ የታሰረበትን ማንጎ ልቁረጥ ቢለው ተጣላው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ ይህ የአንድ ደላላ ጅልነት ነው፣ ሳቅበት፣ እኔም ስቄአለሁ። ግን ምናልባት ጅቡቲ ኦቦክ ዳር፣ ወይ የመን፣ ወይ የሳዑዲ ጂዛን ድንበር ላይ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን የከሚሴ ልጅ ብታገኝ፣ ነጂብ ሙሐመድዘይን ነህ ወይ በለው። ነኝ ካለህ ስለ ኬብሉ አታንሳበት። አባትህ መርቆሃል፣ እጁን የሚጭንበት ራስ አጥቶ ነው እንጂ ያኔውኑ መርቆሃል በለው። እሱም «ምን ብሎ?» ብሎ ከጠየቀህ፣ እባክህ፣ ቃሉን አንተው መርቅልኝ።