ምሰሶ የሌለው ታዛ

ባለፈው ሳምንት የመካነ ሰላም ከተማ አሮጌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀባ። ሊፈርስ ነው። የቀባው ወጣት መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ታዛ ያለ ምንም ድጋፍ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ይህን ወሬ የሰማሁት ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው።

አዳራሹን የሠራነው እኔና ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነን። ሌሎች ሠላሳ ሰዎችም ነበሩ፤ ፌሮውን አጥብቄ ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። የሕንፃን ውበት የተማርኩት ደግሞ መሐንዲሱ ከጣለው መጽሔት፣ የእንግሊዝ ከተሞችን የአርማታ ቤቶች እያየሁ ነው። የእኛ ታዛ ከነዚያ አያንስም ነበር፤ ሦስት እርምጃ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጫፉ ከድፎ ዳቦ አይወፍርም።

የበልግ ዝናብ አባርቶ አርማታውን የያዘው ጣውላ ሲነሣ ከተማው ተሸበረ። በእኛ አገር ቤት ማለት ምሰሶ ነው። ድንኳን እንኳ ምሰሶ አለው! አንድ ጠዋት ስንመጣ ደግ ሰዎች ከታዛው ሥር የባሕር ዛፍ ባላ አቁመው አገኘን። መሐንዲሱ አስነሣው፤ በማግስቱ ተመልሶ ቆመ። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ተስፋ ቆርጦ አገሩ ገባ።

እኔ ግን መሄጃ አልነበረኝም። ያን ሰሞን ሰዓዳን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ጋሽ እንድሪስ የበቅሎ ነጋዴ ናቸው። ሽማግሌዎቹን በባቄላ ንፍሮና በአሬራ አጥግበው፣ «ልጁ ጎበዝ ነው። ግን ያለ ምሰሶ ቤት ለሚሠራ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው መለሷቸው።

በገበያ ቀን መዶሻ ይዤ ከታዛው ሥር ቆምኩ። ገበያተኛው ከበበኝ።

«አንተ ልጅ፣ እናትህን አታስለቅስ!» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ባላውን አንሥቼ ታዛው ካልወደቀ ሰዓዳን ይሰጡኛል?»

«ወላሂ እሰጥሃለሁ! ብቻ በሕይወት ውጣ!»

ባላውን ከሥሩ መታሁት። ታዛው ንቅንቅ አላለም። ባላው ግን ግንባሬ ላይ ወረደ።

ስነቃ ጋሽ እንድሪስ እላዬ ላይ ቆመዋል። «ታዛው እንደቆመ ነው፤ የወደቀው ልጁ ነው» አሉ ለሕዝቡ። «ለካ ምሰሶ ያጣው እሱ ነው! በሉ፣ ሰዓዳ ትደግፈው።»

እንዲህ ተጋባን። ሰዓዳ ግን በዚያ ታዛ ሥር አልፋ አታውቅም ነበር፤ ገበያ የምትገባው ዙሪያውን ዞራ ነበር። ብዙ አስረዳኋት። ግንባሬ ላይ የቀረውን ጠባሳ በጣቷ ነካ ታደርጋለች።

ትናንት በገበያው መሐል በረዶ ጣለ። ሰው ከነሽንኩርቱ፣ ከነበጉ ታዛው ሥር ተወሸቀ፤ እኔም አብሬ። ወጣቱ መሐንዲስም የቀለም ቆርቆሮውን እንደያዘ እየሮጠ ገባ።

«ይወርዳል አላልክም?» አልኩት።

«እስኪያባራ ነው ጋሼ።»

ሰዓዳ ከዳር ቆማ በረዶ ይወቅጣታል። ወደ ላይ አየች፤ «ቢስሚላህ» አለችና ገብታ ክንዴን ያዘች። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞረች።

«የምታፈርሰው ይኼን ነው? አባቴ በዚህ ጣጣ ነው ለዚህ ሰውዬ የሰጠኝ። ከፈረሰ ማንን ልውቀስ?»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። መሐንዲሱ ቆርቆሮውን ከደነ።

የእንግሊዝ መጽሔት ላላየ ሰው የሕንፃ ውበት የሚገለጥለት በበረዶ ቀን ነው መሰል። ምልክቱ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ነገ አዳራሹ እንዳይፈርስ የሚጠይቅ ማመልከቻ ይዘን ከተማ አስተዳደር እንገባለን። ባማረ እጅ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የምትናገረው ግን ሰዓዳ ናት።