ሁለተኛ ማርሽ አልይዝ ያለችው ትራክተር

ባለፈው ሰኔ ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ፣ የጎንደር ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ከኋላዋ ማረሻ ያንጠለጠለች ትራክተር እየነዳ መጣና እፊታችን ማርሽ ሊቀይር ሲል ካምቢዮው ጮኸ። ድንጋይ የገባበት ወፍጮ ይመስል ክርርር አለ። ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። እኔ ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜ ኖሯል።

«ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጠው እንጂ!» ብዬ ጮኽሁበት።

ልጁ ዞሮ አየኝ። ነጠላ የተከናነበች፣ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት የምትጮህበት። ምን እንዳሰበ እንጃ፤ ረገጠው ግን። ማርሹ ገባለትና ሄደ። ሻይ የምትሸጠው ልጅ «እማማ፣ የመኪና ነገር ያውቃሉ እንዴ?» አለችኝ። «ጥቂት» አልኋት። ሚኒባሱ ተነሥቶ ጭልጋ እስክንደርስ ድረስ ግን በመስኮት እያየሁ የማስበው ስለ ሌላ ሰኔ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አባቴ ከደንቢያ ወርደው ኮኪት አጠገብ መሬት አቅንተው ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ከአንድ ከተዘጋ ትልቅ እርሻ የገዟት አሮጌ ትራክተር ነበረቻቸው። ቀይ ናት ይባላል፤ ፀሐዩ ቀለሟን ልጦ ስለ ጨረሰው ግን ቀይነቷን የሚያውቅ ቀድሞ ያያት ሰው ብቻ ነው። እኔ ጎንደር ከአክስቴ ዘንድ ተቀምጬ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምሬ መመለሴ ነበር። ከክፍላችን ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን። አባቴ የምስክር ወረቀቴን መስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የትራክተሯን ቁልፍ ግን ከኪሳቸው አላወጡም። ዘይት እንድቀይር፣ ማጣሪያ እንዳጥብ ይፈቀድልኛል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ «ቆይ፣ ትደርሺበታለሽ» ነው።

ትራክተሯ ሕመሟ የቆየ ነበር። ማረሻው መሬት ሲነክስ ሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ ይወጣባታል። አባቴ የማርሹን ዘንግ በግራ ጉልበታቸው ደግፈው ይዘው ነበር የሚያርሱት። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ሲውሉ ጉልበታቸው ያብጣል። እናቴ በሰሊጥ ዘይት እያሸችላቸው «መታሸት የነበረባትስ ትራክተሯ ናት» ትላለች።

የዚያ ዓመት ዝናብ ሳይዘገይ መጣ። የቆላን የመጀመሪያ ዝናብ ያላየ ሰው አይገባውም። ለወራት እንደ ምድጃ ሲግል የከረመው ጥቁር አፈር ውሃ ሲነካው እንደ ተቆላ እህል ይሸታል፤ በሳምንቱ አረሙ ይነሣል። ያን አረም ገልብጦ መዝራት ነው፤ ጊዜው አጭር ነው። ዋልካው፣ ያ ጥቁር አፈር፣ ውሃ ከጠገበ በኋላ ትራክተር ይቅርና ሰው እንኳ ጫማውን ትቶለት ነው የሚወጣ። በሦስተኛው የእርሻ ቀን፣ ጧት፣ ከማሳው መሐል «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ሞተሩ ጠፋ። ሮጬ ስደርስ አባቴ ከመቀመጫቸው አልወረዱም፤ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አረሙን ያያሉ።

ሸሕዲ የነበረው መካኒክ «ከሁለት ሳምንት በፊት አልደርስም» ብሎ ላከ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሰሞን የማይፈልገው ሰው አልነበረም። የጎረቤቶቻችን ትራክተሮችም እያንዳንዳቸው በየጌታቸው ማሳ ላይ ናቸው።

«አባባ፣ እኔ ልክፈታት» አልኋቸው።

«ምኗን?»

«ካምቢዮዋን።»

«ብታበላሺያትስ?»

«ተበላሽታለች እኮ አባባ። ከዚህ በላይ ምን አደርጋታለሁ?»

እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቁም፤ ቁልፉን ግን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

አንድ ጎረቤት ጎትቶ ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አደረሳት። ዘይቱን ሳፈሰው ጥቁር ነው፤ በውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የላይኛውን ክዳን ብቻዬን ማንሣት ስላልቻልሁ ከጎጃም ለአረም ሥራ የመጣ አንተነህ የሚባል ጎልማሳ አገዘኝ። «እኔ የማውቅ በሬ ነው» አለኝ እያማጠ፤ «በሬም ሲያነክስ ሰኮናውን ገልብጠን ነው የምናይ።» ክዳኑ ሲነሣ ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። የሁለተኛው ማርሽ ሁለት ጥርሶች ወልቀዋል፤ የቀሩት ጫፋቸው ተልጦ ዶልዱሟል። እሱን የሚነዳው ጥርሳም ብረትም እንደዚያው ተበልቷል። ማርሹን የሚገፋው ሹካም ሳስቶ ቢላዋ አክሏል።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አፌ ነበር ደፋር። ሆዴ ይፈራ ነበር። ሳየው ግን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ውስጥ ሆኖ ሲጮህ ጋኔን የሚመስለው ነገር፣ ክዳኑ ሲነሣ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይለወጣል። ዘንጎቹን ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የወጣውን ሁሉ በተራው ጆንያ ላይ እየደረደርሁ፣ የትኛው ከየት እንደ ወጣ በደብተር እየሣልሁ ሠራሁ።

ጥርሳሙ የሚገኘው ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት፣ ኡስታ ኢድሪስ ከሚባሉ አዛውንት ዘንድ ነው አሉን። ኡስታ ማለት በዐረብኛ የእጅ ሥራ ዐዋቂ ነው። ከአባቴ ጋር በማሽላ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን መተማ ወረድን። ከዝናቡ ፊት የሚነሣው አቧራ ያዘለ ነፋስ ዓይን አያስገልጥም ነበር። የተሰበረውን ማርሽ ከሹካው ጋር በጨርቅ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። ድልድዩን ተሻግረን ስንገባ የኡስታ ግቢ የሞቱ ትራክተሮች መቃብር ይመስላል፤ አንዱ ጎማ የለው፣ አንዱ ሞተር የለው። ሽማግሌው ሥራ ከማውራታቸው በፊት ፉል በሰሊጥ ዘይት አቀረቡልን፤ በትንሽ ብርጭቆ ስኳር የበዛበት ሻይ አስከተሉ። ከዚያ ማርሹን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑትና ወደ ጓሮ ሄዱ። ተመሳሳዩን ይዘው ተመለሱ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ይኸው ወንድሙ።»

ውፍረቱ ያው፣ ቀዳዳው ያው ነው። አባቴ ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ጥርሱን ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ።

«ይኼ የእኛ አይደለም» አልሁ። «አንድ ጥርስ ይጎድለዋል።»

አባቴ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ኡስታ ይህን ሥራ የጀመሩት አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

«ይሁን አባባ። ጥርሱ ግን ይጎድላል።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። መሬት ላይ ተቀመጡና አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገው በአውራ ጣታቸው እየነኩ በዐረብኛ መቁጠር ጀመሩ። ጨረሱ። የእኛን አንሥተው ቆጠሩ። ከዚያ መላ ሰውነታቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አባቴን እያዩ «ወንድሜ፣ የዚችን ልጅ ዓይን አውሰኝ፤ የእኔው አርጅቷል» አሉ። ራሳቸው ወደ ጓሮ ይዘውኝ ገቡ። ትክክለኛውን ስናገኝ እሱን የሚነዳውንም ጥርሳም ጨምሬ ጠየቅሁ። አዲስ ጥርስ ከተበላ ጥርስ ጋር ቢጣመር ተበላልተው ሁለቱም ያልቃሉ። ኡስታ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳሳውን ሹካ በብየዳ ሞልተው በሞረድ አስተካከሉልኝ። ስንለያይ «ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ብረት አይዋሽም። ሰው ነው ሳይቆጥር የሚያምን።»

ተመልሰን ስንገጣጥም ሦስት ቀን ፈጀ። ዝናቡ በየከሰዓቱ ስለሚመጣ በላያችን ሸራ ወጥረናል። ክዳኑን ዘግቼ አዲስ ዘይት ስሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ወሬ ሰምቶ ተሰብስቧል። ሞተሩ ተነሣ። ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሽ አስገባሁ፤ ስለቅቀው ትራክተሯ አንዴ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። ሞተሩ ጠፋ። ደገምሁት። ያው ነው። ከኋላዬ አንድ ሰው «አልተናገርሁም?» ሲል ሰማሁ። ጆሮዬ ጋለ።

ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ሁለት ማርሽ ባንድ ጊዜ እየገባ ነው። ይህ እንዳይሆን የምትከለክል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ፒን በዘንጎቹ መሐል አለች፤ እሷን ረስቻለሁ። በደብተሬ ሥያታለሁ፤ ጆንያው ላይ ግን አላኖርኋትም። ናፍታ ያለበት ሳፋ ውስጥ ለማጠብ ጥያት ነበር።

«እማ፣ ሳፋው ውስጥ የነበረው ናፍታስ?»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ለምስጥ ይሆናል ብዬ የቤቱ ምሰሶ ሥር ደፋሁት።»

ከደፋችው በኋላ ሁለት ጊዜ ዘንቧል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሦስት ቀን ሥራ፣ የአባቴ ማሳ፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ባንዲት ፒን። አንገቴን ደፍቼ አባቴን ጠበቅሁ። መካኒኩን እንጠብቅ ይሉኛል ብዬ ነበር።

አባቴ ተነሡ። መሬት የወደቀውን መፍቻ አንሥተው ጭቃውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና ሰጡኝ።

«ክፈቻት። ፒኗን እኛ እንፈልጋለን።»

የሰሊጥ ወንፊት አስመጡና ከእናቴ ጋር ምሰሶው ሥር ተንበረከኩ። በዚያ ባበጠ ጉልበታቸው። ጭቃውን በእፍኝ እየዛቁ፣ ውሃ እያፈሰሱ አጠለሉት። ቆሞ ሲያይ የነበረው ሰው አንዳንዱ ሄደ፤ አንዳንዱ አፍሮ ውሃ መቅዳት ጀመረ። እኔና አንተነህ ክዳኑን አንሥተን ሳንጨርስ እናቴ እልል አለች። ፒኗን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሣቻት። «ይቺ ናት ያን ሁሉ ብረት የያዘችው?»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሞተሩን አስነሣሁ። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። ማሳው ድረስ ነዳኋትና ማረሻውን አወረድሁ። ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ መጣ፤ ማርሹ ግን ከቦታው ፍንክች አላለም። ከማሳው ጫፍ ስደርስ ለአባቴ ልለቅላቸው አቆምሁ። በእጃቸው ቀጥዪ አሉኝ። ያን ቀን እሳቸው አልነዱም። ከኋላዬ በእግራቸው እየተከተሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ የካምቢዮውን ድምፅ ሲያዳምጡ ዋሉ። ዋልካው ሳይዘጋብን ዘርተን ጨረስን። ሰሊጡ ደኅና ያዘ፤ ማሽላው ደግሞ ከሰው ቁመት አለፈ። በቀጣዩ ክረምት ካምቢዮ የተበላሸበት ሰው ሸሕዲ ከመላኩ በፊት እኛ ቤት መምጣት ጀመረ።

አባቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ሸሕዲ ጋራዥ ከፍቼ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፤ ሥራውን ለልጆቼ ለቅቄ አሁን የምመክር ብቻ ነኝ። ሰዎች ያን ድፍረት ከየት አመጣሽው ይሉኛል። ሴት ሆኜ፣ ገና በሃያ ዓመቴ ማለታቸው ነው። ከትምህርት ቤት ነው እላቸዋለሁ፤ ውሸትም አይደለም። እንዴት እንደሚከፈት የተማርሁት እዚያ ነው።

ግን በሕይወቴ ብዙ ሰው ትራክተሩን፣ መኪናውን አምኖ ሰጥቶኛል። ሁሉም ያመኑኝ ደኅና ሠራተኛ ናት ሲባል ሰምተው ነው። አባቴ ቁልፉን የሰጡኝ ቀንም ቢሆን የሰጡኝ ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። መፍቻውን ጠርገው የሰጡኝ ቀን ግን ሰው ሁሉ እያየ ተሳስቼ፣ ጥፋቴን ራሳቸው በዓይናቸው አይተው ነው። ያመኑኝ የዚያን ዕለት ይመስለኛል። እኔም ራሴን ያመንሁት ከዚያ ወዲህ ነው።