ዒዳ ያልተቀመጠው ትኬት

የባሕር ዳሯ ጨርቅ ነጋዴ ሀቢባ ሜትር ስትለካ አውራ ጣቷንም አብራ ትሸጣለች ተብላ ትታማለች። ሐሜቱን የነዛው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የገዛ ባሏ አብዱልከሪም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያሾፍባት ኖረ።

ጥቅምት ላይ የሁለት ሰው የጅዳ ትኬት ቆረጡ፤ ዑምራው፣ የመካው ጉዞ፣ ለመጋቢት ነበር። የካቲት ላይ እሱ ታመመና በዘጠኝ ቀን አለቀ። ሊሞት ሲል እንኳ አልተዋትም፤ «ካዕባ ፊት ስሜን ጠርተሽ ዱዓ አድርጊልኝ። የራስሽን ብቻ ጠርተሽ እንዳትመጪ፣ አውቅሻለሁ!» አላት።

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ጉዞ የለም። ትኬቷን አሰረዘች። ጣና ዳር ያለው ትኬት ቢሮ የሟቹን ብር መለሰ፤ ለኗሪዋ ግን በዚያው ሂሳብ ሌላ ጊዜ የምትበርበት፣ አንድ ዓመት የሚያገለግል ወረቀት ሰጣት። ሰፈሩ «ብሩን ለማግኘት መሞት ነበረባት» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ዒዳዋ ሰኔ ላይ ሲያልቅ ዓመቱን ከዚያ ጀምራ ቆጠረች፤ ወረቀቱም አብሯት ዒዳ የተቀመጠ መስሏት። የመስጊዱ ሴቶች ጥር ላይ ለዑምራ በቡድን ሲነሱ አብራ ልትነሳ ጠበቀች።

ጥር ሲገባ ቢሮ ሄደች። ሠራተኛዋ ዜማ ወረቀቱን እያገላበጠች አየችው።

«ምነው ልጄ፣ ጅዳ ጠፋች እንዴ?»

«እናቴ፣ ይሄኮ ጥቅምት ላይ ጊዜው አልፏል።»

«የሰረዝሁት የካቲት! ከዚያ ቢቆጠር እንኳ ወር ይተርፈኛል።»

«የሚቆጠረው ከተሰረዘበት ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ከተቆረጠበት ነው። ሳያልፍ ቢመጡ ይራዘምልኝ ብለን እንጠይቅልዎ ነበር።»

«ጊዜ ያለኝ መስሎኝ» አለች ሀቢባ ቀስ ብላ።

ዜማ አለቃዋ ዘንድ ደውላ ለመነች፤ አልሆነም። የተመለሰው ብር ደግሞ ለሱቁ ኪራይ አልቋል።

ቡድኑ በሚነሳበት ጧት ሀቢባ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆማ ሴቶቹን አንድ በአንድ ያዘች። «አብዱልከሪም ሙሀመድየሱፍ በዪ። እስቲ ልስማሽ።»

«አብዱልከሪም፣ የሀቢባ ባል» አለች ጎረቤቷ ሱምያ።

«የእኔን ተዪው፣ የአባቱን ጥሪ! እዚያ አብዱልከሪም ስንት አለ።»

ሁሉም ደገሙላት። ጠባቂው «ትኬት የሌላችሁ ወደ ኋላ!» አለ፤ ወደ ኋላ አለች። ሱምያ ሻንጣዋን እየገፋች፣ ስሙን እያነበነበች ገባች። ሀቢባ በመስታወቱ በኩል የሱምያን ከንፈር በዓይኗ ትከተላለች። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ የሱምያ ከንፈር ቆመ። ረሳችው ይሆን ብላ ሀቢባ መስታወቱን በቀለበቷ መታች፤ ሱምያ አልሰማችም።